ከአስር በኋላ የሚገዛው ዓይን ነው

ረመዷን ሲገባ በክብረ መንግሥት ከአስር ሶላት በኋላ የሳምቡሳው ሽታ መንገዱን ያውደዋል፤ ተምሩም ከፊት ይደረደራል። ነጋዴው የጾመኛን ልብ ያውቃል። በዚያ ሰዓት የሚገዛው ሆድ ሳይሆን ዓይን ነው። ለአምስት ሳምቡሳ ወጥተን ሃያ ተሸክመን የተመለስን ስንቶቻችን ነን? ለልጆች የዒድ ልብስ ያሰብነው ብር በዚህ ያልቃል፤ የተረፈውም ምግብ ይደፋል። እንግዲያው የምንገዛውን ጠዋት እንወስን፤ ስንወጣም የሚበቃንን ብር ብቻ ቆጥረን እንያዝ።

የነጋዴው ብልሃት ለእኛም ይጠቅመናል። እሱ ሊሸጥ የፈለገውን ዓይን ፊት ያደርጋል፤ እኛም ቁርኣኑን እጃችን በሚደርስበት ንጹሕ ቦታ፣ የሶደቃ ሣጥኑን በበሩ አጠገብ እናድርግ። ስልኩን ደግሞ ከመኝታችን እናርቀው።

የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ አዲስ ልማድ እስኪጸና በአማካይ 66 ቀን ገደማ ፈጅቷል፤ ለአንዳንዱ 18 ቀን፣ ለሌላው ከዚያ እጅግ የበለጠ። ረመዷን 29 ወይም 30 ቀን ነው። በዒድ ዕለት ካቆምን ግማሽ መንገድ እንኳ ሳንደርስ ተመለስን ማለት ነው። የሸዋል ስድስት ቀን ጾም ጥሩ መሸጋገሪያ ይሆነናል። ብዙ አንመኝ፤ ከዒድ በኋላም የማናቋርጣትን አንዲት ገጽ ዛሬ እንጀምር።