ጥማት ሁሉ የሙቀት አይደለም

በነጭ ዓባይ ዳር በተመሠረተችው በጁባ ከተማ የተቀመጠ ሰው ጥማት ምን እንደ ሆነ ጠንቅቆ ያውቃል። በየካቲትና በመጋቢት ወራት የቀትሩ ሙቀት እስከ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚደርስ፣ በዚያ ውሃ አብዝቶ የሚጠጣን ሰው ምን ነካህ ብሎ የሚጠይቀው አይገኝም። ይህን የምጽፈው ስለ አየሩ ለማውራት ሳይሆን፣ ያ ሙቀት በ34 ዓመቴ የያዘኝን ሕመም ሸፍኖብኝ እንደ ነበረ ለመግለጽና ሌላው ከእኔ እንዲማር ነው።

ለመንግሥት ሥራ ወደ ጁባ በሄድሁ በሁለተኛው ዓመት ጥማቱ በረታብኝ። ሌሊት አራትና አምስት ጊዜ ለሽንት እነሣ ነበር። እንጀራው ሳይጓደልብኝ ሰውነቴ እየከሳ ሄዶ ቀበቶዬ ሁለት ቀዳዳ ተጨመረለት። በመጀመሪያ ወባ ነው ተብሎ የወባ መድኃኒት ተሰጠኝ። ኋላ ደሜ ሲመረመር ስኳር ተገኘበት፤ ይሁን እንጂ ዕድሜዬ ታይቶ፣ በጎልማሶች ላይ የሚታየው የተለመደው ዓይነት ነው ተባለና ኪኒን ታዘዘልኝ። ኪኒኑን ሳላቋርጥ ብውጥም መክሳቴ አልቆመም።

የነገሩን እውነት ያመለከተችኝ፣ በሰፈራችን ቡና ቤት ያላት አንዲት የጎንደር ተወላጅ ናት። አንድ ቀን ውሃውን ደጋግሜ ስጠጣ ተመልክታ፣ «ወንድሜ፣ ይኸ ጥም የሙቀት አይምሰልህ። ታናሽ ወንድሜ እንዲሁ ከስቶ ከስቶ ሊሞት ሲል በመርፌ ነው የዳነ። ሳትውል ሳታድር ሐኪም ዘንድ ሂድ» አለችኝ። እኔ ግን ለነገ እያልሁ አራት ቀን አሳለፍሁ። በአምስተኛው ቀን ሆዴን ቆርጦኝ፣ እያስመለሰኝና ትንፋሽ እያጠረኝ በሰው ትከሻ ተደግፌ ሆስፒታል ገባሁ። ሐኪሙ በሽንቴ ውስጥ ኬቶን የሚባለውን ነገር አግኝቶ ወዲያው ኢንሱሊን አስጀመረኝ። አንድ ቀን ቢዘገይ ኖሮ ይህን ጽሑፍ የሚጽፍ ሰው ባልተገኘ ነበር።

ስለዚህ ሕመም ጥቂት ማስረዳት ይገባል። ከጨጓራችን በስተጀርባ ያለው ቆሽት ኢንሱሊን የሚባለውን ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ የምግባችን ስኳር ከደም ወደ ሕዋሳት ገብቶ ኀይል የሚሆነው በእርሱ አማካይነት ነው። በሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ኢንሱሊኑ ቢኖርም ሥራውን በሚገባ አይሠራም፤ ስለዚህም ብዙውን ጊዜ ኪኒን ይረዳል። በአንደኛው ዓይነት ግን ሰውነትን ከበሽታ ሊጠብቅ የሚገባው የመከላከያ ኀይል ተሳስቶ ኢንሱሊን አመንጪዎቹን ሕዋሳት ያጠፋል። ያን ጊዜ ሰውነት ስኳሩን መጠቀም ስለማይችል ስቡን እያነደደ ይኖራል፤ ከዚያም የሚወጣው ኬቶን ደሙን አሲድ ያደርገዋል። ለዚህ መድኃኒቱ ኢንሱሊን ብቻ ነው።

ይህ አንደኛው ዓይነት የልጆች ሕመም ብቻ ይመስለን ነበር። ይሁን እንጂ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 በብሪታንያ የታተመ አንድ ጥናት፣ እስከ 60 ዓመት ባለው ዕድሜ በዚህ ሕመም ከተያዙት ከመቶው 42ቱ ከ30 ዓመት በኋላ የታመሙ መሆናቸውን አስረድቷል። ቴሬዛ ሜይ የብሪታንያ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ በ2012፣ በ56 ዓመታቸው በዚህ ሕመም ተያዙ። እርሳቸውም በመጀመሪያ ሁለተኛው ዓይነት ነው ተብለው ኪኒን ተሰጥቷቸው ነበር። ኢንሱሊን እየወጉ ሥራቸውን ቀጥለው በ2016 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የቡና ቤቷ እመቤት የተናገረችው በጎንደር ዙሪያ ለሚሠሩ ሐኪሞች እንግዳ ነገር አይደለም። በጎንደርና በጅማ አካባቢ ተጠንቶ በ2009 የታተመ ሥራ፣ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው የገጠር ሕሙማን በብዛት ድኾች፣ ሰውነታቸው የከሳ ወጣቶችና ጎልማሶች መሆናቸውን ገልጾ፣ የምግብ ጕድለት ለሕመሙ ምክንያት ይሆን እንደ ሆነ ጠይቋል። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በ2025 በባንኮክ ባደረገው ጉባኤ ከምግብ ጕድለት የሚመጣውን የስኳር ሕመም አምስተኛው ዓይነት ብሎ ተቀብሎታል። እንግዲህ የስኳር ሕመም የሀብታምና የወፍራም ሰው ብቻ ነው የሚለው አነጋገር ሊቀር ይገባል።

ኢንሱሊን ከመገኘቱ አስቀድሞ ይህ ሕመም የሞት ፍርድ ነበር። በ1921 በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ከእንስሳ ቆሽት አወጡት፤ በጥር ወር 1922 ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ በመርፌ ተወግቶ ከሞት ተረፈ። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት ቢያልፍም፣ እንደ ጁባ ባለ ሞቃትና መብራት በሚቋረጥበት ስፍራ ያለ ሕመምተኛ የሚያሳስበው ነገር መድኃኒቱን እንዴት አድርጎ እንደሚያስቀምጠው ነው።

ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ ይቀመጣል፤ በረዶ ከሆነ ግን ይጣላል እንጂ አይወጋም። ማቀዝቀዣ ለሌለው ሰው ያች ደግ እመቤት ያሳየችኝ ዘዴ አለ። በጁባ የመጠጥ ውሃ የሚቀዘቅዝበት፣ ዚር የሚባል የሸክላ ጋን በየቤቱ ይታያል። አንዱን ሸክላ በሌላ ሰፋ ባለ ሸክላ ውስጥ አስገብቶ፣ በመካከሉ አሸዋ ሞልቶ አሸዋውን ማራስ፤ ከዚያም በደረቅ ዕቃ የተዘጋውን መድኃኒት በውስጠኛው አኑሮ በእርጥብ ጨርቅ መክደንና ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ማስቀመጥ ነው። ውሃው በሚተንበት ጊዜ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። በክረምት አየሩ ርጥበት ሲበዛበት ግን የማቀዝቀዝ ኀይሉ ይቀንሳል።

ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመሆን በሰሜን ኬንያ በዳጋሃሌ የስደተኞች ሰፈር የቤቶችን ሙቀት ለክተው፣ ኢንሱሊን ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚለዋወጥ ሙቀት አራት ሳምንት ሲቆይ ኀይሉን እንዳላጣ በ2021 አስታውቀዋል። ይህ ለሕመምተኛው መጽናኛ ነው እንጂ የቸልተኝነት ፈቃድ አይደለም፤ የተከፈተውን ብልቃጥ ስንት ቀን መጠቀም እንደሚገባ ሐኪሙን መጠየቅ ያስፈልጋል።

አሁን ለቤተ ሰብ የሚሆን ምክር ልጨምር። ጥማት፣ የሽንት መብዛትና ያለ ምክንያት መክሳት አንድ ላይ ሲታዩ፣ ዕድሜ ሳይታይ ስኳር ይመርመር፤ ይህም ከአንዲት የደም ጠብታ የሚታወቅ ነው። ኪኒን የሚውጠው ሰው መክሳቱ ካልቆመ፣ ይልቁንም ማስመለስ ከጀመረው፣ ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ጠበል ቢጠመቅም፣ ምግብ ቢያስጠላውም መርፌውን ፈጽሞ አያቋርጥ፤ መጠኑን ግን ከሐኪሙ ይጠይቅ። ድንገት አልቦት ቢንቀጠቀጥ ወይም ንግግሩ ቢደናገር ስኳሩ ወርዶበታልና ስኳር የበዛበት ሻይ ይሰጠው፤ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይጨመር ወደ ሐኪም ይወሰድ።

እኔም ዛሬ መርፌዬን በኪሴ ይዤ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ፤ ከወዳጆቼም ጋር ማዕድ እቈርሳለሁ። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይሉ ነበር። እኔ ሕመሜን የደበቅሁት ከሰው አልነበረም፤ ሙቀት ነው እያልሁ ከራሴ ነበር እንጂ። ከአንባብያን መካከል ውሃው አልበቃው ያለ፣ ልብሱም እየሰፋው የሄደ ሰው ቢኖር፣ ነገ ሳይል ዛሬውኑ ይመርመር።