የሰሜኑን ክረምት በቤት ውስጥ ያሳለፈው የቡና ተክል

ቡና ሲባል በአብዛኞቻችን አእምሮ ቀድመው የሚመጡት ጀበናው፣ ረከቦቱና የዕጣኑ ጢስ ናቸው። ለእጽዋት ተመራማሪ ግን ቡና ከሁሉ አስቀድሞ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ የማይረግፍ፣ ነጭና መዓዛው የሚያውድ አበባ የሚያብብ የሐሩር አካባቢ ቁጥቋጦ ነው። የተገኘውም በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ እርጥበት አዘል የወይና ደጋ ደኖች፣ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። በዚያ ውርጭ አይታወቅም፤ የቀኑም ርዝመት ከወር ወር እምብዛም አይለዋወጥም። ይሁን እንጂ በላቲን አሜሪካ ለብዙ ዘመን የተተከለው ቡና አንደኛው ዋና የዘር ሐረግ ወደ ኋላ ቢቆጠር የሚያደርሰን ውኃ በሚረጋበት አገር፣ በመስታወት ቤት ውስጥ ተጠልሎ ክረምትን ወዳለፈ ተክል ነው። በዚህ ጽሑፍ የሐሩር ቁጥቋጦ ብርድን በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ፣ መከርከም ለምን እንደሚያስፈልገውና ይህ ታሪክ ዛሬ ለእኛ ምን ትርጉም እንዳለው እንመለከታለን። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጃቫ እስከ አምስተርዳም

ቡና ከኢትዮጵያ ወደ የመን ተሻግሮ በስፋት ከለማ በኋላ፣ የኔዘርላንድ ነጋዴዎች በህንድ በኩል ወደ ጃቫ ደሴት ወሰዱት። በ1706 ከጃቫ የተላከ ተክል በአምስተርዳም የእጽዋት ማዕከል ደረሰና በምድጃ በሚሞቅ የመስታወት ቤት ተቀመጠ። ከሦስት ዓመት በኋላ የመጣው የ1709 ክረምት በአውሮፓ ታሪክ እጅግ ከከፉት አንዱ እንደነበር ስናስታውስ፣ በዚያ ዘመን የቡና ተክልን ማኖር ምን ያህል ትጋት ይጠይቅ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

በ1714 የአምስተርዳም ሹማምንት አንድ የቡና ተክል ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ አበረከቱ። በፓሪስ የንጉሡ የእጽዋት ማዕከል ተክሉን ያጠናው አንቷን ደ ዡሲዩ፣ የአበባውን ንጣትና መዓዛ አይቶ ከጃስሚን ወገን ቆጥሮት ነበር። ኮፊያ አራቢካ የሚለውን ዛሬ የምንጠቀምበትን ስም ያጸናው ካርል ሊኒየስ ሲሆን ዘመኑም 1753 ነው። በ1720ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ጋብርኤል ደ ክሊዩ የተባለ ፈረንሳዊ መኮንን ከፓሪስ ያገኘውን ችግኝ ይዞ አትላንቲክን በማቋረጥ ማርቲኒክ ደሴት ላይ ተከለ።

እዚህ ላይ አንድ ሥነ ሕይወታዊ ነጥብ ልብ ማለት ይገባል። አራቢካ ቡና ራሱን በራሱ ማዳቀል ይችላል። በመሆኑም በመስታወት ቤት ብቻውን የቆመ ተክል ያለ ሌላ ተክል እርዳታ አብቦ፣ አፍርቶ፣ ዘር ሊሰጥ ቻለ። ሮቡስታ የሚባለው ሌላው የቡና ዝርያ ግን በራሱ ብናኝ አይዳቀልም፤ ተክሉ ሮቡስታ ቢሆን ኖሮ ብቻውን መካን ሆኖ በቀረ ነበር።

ብርድ ሕዋስን ምን ያደርገዋል?

የእጽዋት ሕዋስ በስስ ሽፋን የተከበበ ነው፤ ሽፋኑም በአብዛኛው ከቅባትና ከፕሮቲን የተሠራ ነው። ቅቤና የኑግ ዘይት በደጋ ሌሊት ጎን ለጎን ቢያድሩ፣ ማለዳ ቅቤው ረግቶ ዘይቱ ግን እንደ ቀጠነ ይገኛል። ልዩነቱን የሚያመጣው ቅባቶቹ የተገነቡባቸው የፋቲ አሲዶች ዓይነት ነው። ብርድን የለመዱ እጽዋት ወቅቱ ሲቀዘቅዝ በሽፋናቸው ውስጥ ዘይት መሰሉን ዓይነት ያበዛሉ። ቡናን የመሳሰሉ የሐሩር እጽዋት ግን ይህ ችሎታ በእጅጉ የተወሰነ ነው። ሽፋናቸው ሲረጋ በውስጡ ያሉት ፕሮቲኖች ሥራቸው ይታወካል፤ በሕዋሱ ውስጥ ተጠብቀው መቆየት የነበረባቸው ማዕድናትም ወደ ውጭ ያፈተልካሉ።

ስለዚህ የቡና ተክል የሚጎዳው ውኃ ሲረጋ ብቻ አይደለም። የሌሊቱ ሙቀት ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ገና ብርሃን አስተጻምሮው፣ ማለትም ፎቶሲንተሲሱ፣ መዳከም ይጀምራል። ውርጭ ሲመጣ ደግሞ ጉዳቱ የከፋ ይሆናል። በሐምሌ 1975 በብራዚል ፓራና ግዛት የጣለው ውርጭ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የቡና ዛፎችን አጥፍቶ የዓለምን የቡና ዋጋ አንሯል።

ብርሃንና ውኃ በሚዛን

ሙቀት ብቻውን ግን አይበቃም። በጅማ አካባቢ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። በአምስተርዳም ግን በታኅሣሥ ወር ቀኑ ከስምንት ሰዓት ያነሰ ነው፤ ያም ቢሆን በደመና የተሸፈነ ይበዛዋል። በሞቀና ብርሃን ባነሰው ክፍል የተቀመጠ ተክል በቅጠሉ ከሚያመርተው ስኳር ይልቅ በአተነፋፈሱ የሚያቃጥለው ሊበልጥ ይችላል። ብርሃን ፍለጋም ቀጫጭንና ረጃጅም ቀንበጥ ያወጣል።

ከዚህም የሚከተለው የአያያዝ ሥርዓት ይመነጫል። በአውሮፓም ሆነ በሰሜን አሜሪካ ቡናን በማሰሮ ተክለው የሚያሳድጉ ወገኖቻችን ተክሉን ወደ ቤት ማስገባት ያለባቸው ሌሊቱ ወደ 12 ዲግሪ መውረድ ሲጀምር እንጂ ውርጭ ከታየ በኋላ አይደለም። ከማስገባታቸው በፊት የቅጠሉን ጀርባ መመርመር ይገባል፤ ነጭ ጥጥ የሚመስሉ ጥቃቅን ተባዮች ተፈጥሯዊ ጠላቶቻቸው በማይገኙበት ቤት ውስጥ በፍጥነት ይራባሉ። ተክሉ ብርሃን በሚበዛበት መስኮት አጠገብ ይቀመጥ፤ ነገር ግን ቅጠሉ ቀዝቃዛውን መስታወት አይንካ፤ የማሞቂያው ደረቅ አየርም በቀጥታ አይንፈስበት። ዕድገቱ ስለሚቀዘቅዝ ማዳበሪያ አያስፈልገውም። ውኃም የሚሰጠው የአፈሩ ገጽ ሲደርቅ ብቻ ነው። በክረምት የቤት ውስጥ እጽዋትን የሚገድለው ብዙውን ጊዜ ጥማት ሳይሆን፣ ውኃ በጠገበ ቀዝቃዛ አፈር ውስጥ አየር አጥቶ የሚበሰብስ ሥር ነው።

የውኃው መቀነስ ሌላም ጥቅም አለው። በአገራችን የቡና የአበባ እንቡጦች በበጋው ድርቀት አንቀላፍተው ይቆዩና ዝናብ ሲነካቸው ነቅተው አሥር ቀን ገደማ ሲሞላ በአንድነት ይፈነዳሉ። ለአካለ መጠን የደረሰ የማሰሮ ቡናም በክረምቱ ማብቂያ ለጥቂት ሳምንታት መጠነኛ ጥማት ቀምሶ ከዚያ በደንብ ቢጠጣ፣ እንቡጥ ከቋጠረ የበልግ ዝናብ እንደ መጣለት ቆጥሮ ሊያብብ ይችላል።

መከርከምና የእንቡጥ ምስጢር

የተክል ጫፍ ሲቆረጥ ከጎን አዳዲስ ቀንበጦች የሚወጡት ለምንድን ነው? በ1930ዎቹ ኬኔት ቲማንና ፎልኬ ስኩግ የተባሉ ተመራማሪዎች ኦክሲን የተባለው ሆርሞን ከጫፍ ወደ ታች እየወረደ የጎን እንቡጦችን እንደሚያስተኛ አሳዩ። በ2008 ደግሞ ስትሪጎላክቶን የተባሉ ውሁዶች በዚሁ ሥራ ተባባሪ መሆናቸው ተረጋገጠ። እነዚህ ውሁዶች ለእኛ እንግዳ አይደሉም፤ ከማሽላ ሥር ወጥተው የአቀንጭራን ዘር ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሱት እነርሱ ናቸው። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ የ2009ን የዓለም የምግብ ሽልማት ያገኙት አቀንጭራን በሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎች ነው። አንዱን እንቡጥ የሚያስተኛ ኬሚካል የሌላውን ዘር መቀስቀሱ የተፈጥሮን ረቂቅነት ያስገነዝበናል።

በቡና ላይ መቀስ ከማንሳታችን በፊት ግን የአበቃቀሉን ሥርዓት ማወቅ ግድ ይላል። ቡና ሁለት ዓይነት ቅርንጫፍ አለው፤ ወደ ላይ የሚቆም ግንድና ወደ ጎን የሚዘረጋ አፍሪ ቅርንጫፍ። በግንዱ ላይ ባለ በእያንዳንዱ የቅጠል ብብት ወደ ጎን የሚዘረጋ ቅርንጫፍ የሚያወጣው እንቡጥ አንድ ብቻ ነው። ያ ቅርንጫፍ ከሥሩ ከተቆረጠ በቦታው ሌላ አይተካም፤ ከዚያ በታች ያሉት እንቡጦች የሚያወጡት ቀጥ ብሎ የሚቆም ቀንበጥ ነው። ስለዚህ በማሰሮ ያለ ቡና ሲረዝም የሚቆረጠው የግንዱ ጫፍ ነው፤ የጎን ቅርንጫፎች ደግሞ ከጫፋቸው ይከረከማሉ እንጂ ከግንዱ አይነቀሉም። ጊዜውም ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። በመግቢያው ላይ የተከረከመ ተክል ብርሃን በሌለበት ወቅት ደካማ ቀንበጥ ያወጣል። በሌላ በኩል አበባ የሚቋጠረው ባለፈው ወቅት ባደገው የቅርንጫፍ ክፍል በመሆኑ፣ ብዙ የከረከመ የዚያን ዓመት አበባ እንደሚያጣ አስቀድሞ ይወቅ።

የእኛ ገበሬዎችም ይህንኑ ሕግ በማሳቸው ይጠቀሙበታል። ያረጀ ቡና ከመሬት 30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ውኃ እንዳያቁር በሰያፍ ይጎነደላል። ከጉቶው ከሚወጡት ብዙ ቀንበጦች ሁለት ወይም ሦስት ጠንካሮች ብቻ ይቀራሉ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ዛፉ ወጣት ሆኖ ያፈራል። ግንዱ ቢያረጅም ሥሩና የተኙት እንቡጦች አላረጁምና።

የመስታወት ቤት የማያድነው

በመስታወት ቤት የተረፈው ተክል ቲፒካ ለሚባለው ዝርያ መነሻ ሆነ። ይሁን እንጂ ጥቂት ተክሎች የወለዱት ሕዝብ የሚይዘው የእነዚያን ጥቂቶች ባሕርይ ብቻ ነው። በ1869 በስሪ ላንካ የታየው የቡና ቅጠል ዋግ የደሴቲቱን የቡና ልማት ከሥሩ ሲነቅል፣ ዋጉ በ1970 ብራዚል ሲገባ፣ የዘር መጥበብ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ዓለም ተረዳ። በአንጻሩ በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ በኢትዮጵያ ሲከሰት የጅማ ተመራማሪዎች መድኃኒቱን የፈለጉት በራሳችን ደን ውስጥ ነበር። በሽታው ከበረታባቸው ዛፎች መካከል ሳይነኩ የቆሙትን መርጠው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተቋቋሚ ዝርያዎችን ለገበሬው አደረሱ።

እንዲህ ያለው ምርጫ የሚቻለው የሚመረጥ ነገር ሲኖር ነው። በ2017 የታተመ ጥናት፣ የአየር ንብረት ለውጡ በዚሁ ከቀጠለ በኢትዮጵያ ዛሬ ቡና ከሚበቅልበት አካባቢ ከ39 እስከ 59 በመቶ የሚሆነው በዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለቡና የማይስማማ ሊሆን እንደሚችል አመልክቷል። በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገቡት የከፋና የያዩ የሰውና ባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች ትርጉማቸው ከዚህ ይመነጫል። አንድን ተክል ከብርድ ለማዳን መስኮት፣ መቀስና ትዕግሥት ይበቃሉ። የአንድን ዝርያ ሙሉ የዘር ሀብት ግን ማሰሮም ሆነ መስታወት ቤት አይችለውም፤ የሚችለው ደኑ ነው፤ ደኑም ያለው በእኛው እጅ ነው።