አምቦ ያልሆነችው አምቦበርና የሴቶቹ ካዝና

አምቦ ተወልዶ ላደገ ሰው «አምቦበር» የሚለው ስም ከጉደር መለስ ያለች አንዲት ቀበሌ ይመስለዋል። እኔም ያሰብኩት እንዲሁ ነበር። አምቦበር ግን ጎንደር አካባቢ ያለች፣ የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁዳውያን) ልጆች የሚማሩባት ትምህርት ቤት የነበራት መንደር ናት። ዛሬ የማስተዋውቃችሁ መንደሯን ሳይሆን አስተማሪ ያፈራላትን ማኅበር ነው።

ማኅበሩ በቀድሞ ስሙ «የአሜሪካ ሚዝራሂ ሴቶች» ሲሆን ዛሬ አሚት ይባላል። በ1925 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሃይማኖታቸውን የሚያጠብቁ አይሁዳውያን ሴቶች ኒው ዮርክ ውስጥ አቋቋሙት። አነሳሱን ለመረዳት የሰፈራችንን እድር ማሰብ ይበቃል። ጊንጪም ሆነ ጌዶ፣ ሐዘን ሲደርስ ወጥ ሠርተው፣ እንጀራ ተሸክመው የሚደርሱት ሴቶቹ ናቸው፤ ድስቱና ብረት ምጣዱም በእነሱ እጅ ነው። ድንኳኑና ዋናው ገንዘብ ግን ብዙ ጊዜ ያለው ከወንዶቹ ዘንድ ነው። የኒው ዮርኮቹም ጣጣ ይኸው ነበር። ሴቶቹ የሰበሰቡት ገንዘብ ወደ ወንዶቹ የሚዝራሂ ድርጅት (የሃይማኖተኛ ጽዮናውያን ማኅበር) ይገባል፤ የት እንደሚውል የሚቆርጡትም ወንዶቹ ናቸው። ከዛሬዋ ፖላንድ በወጣትነቷ ወደ አሜሪካ የተሰደደችው ቤሲ ጎትስፌልድ ይህን አልተቀበለችም። ገንዘቡን ያመጡት ሴቶች ራሳቸው ሥራ መርጠው ራሳቸው እንዲያዙበት ታገለች፤ ማኅበሩም ለብቻው ቆመ።

እኛም ሲንቄ አለችን። እናት ለሙሽራ ልጇ የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት። በደል የደረሰባት ሴት ስትጮህ ጎረቤቶቿ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ በዳዩ እስኪክስ ድረስም አይመለሱም። ሲንቄ ሥልጣን አላት፤ ካዝና ግን አልነበራትም (በስሟ ባንክ የተከፈተው ገና ትናንት ነው)። የቤሲ ብልሃት ከካዝናው መጀመሯ ነው።

የስኳር ሕመምተኛ ብትሆንም ወደ ፍልስጤም ሄዳ የማኅበሩን ሥራ እዚያው ሆና መራች። በ1933 ኢየሩሳሌም ውስጥ የሴት ልጆች የሙያ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ቀጥሎም ራአናና ላይ የወጣቶች መንደር ተመሠረተና በቤሲ የዕብራይስጥ ስም «ክፋር ባትያ»፣ የባትያ መንደር ተባለ። በአይሁድ ትውፊት ባትያ ሕፃኑን ሙሴን ከወንዝ ያወጣችው የፈርዖን ልጅ ናት። መንደሩም ከናዚ እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆችን ተቀበለ።

ኢትዮጵያ ወደ ታሪኩ የምትገባው እዚህ ላይ ነው። በ1955 እና በ1956 በሁለት ዙር 27 የቤተ እስራኤል ወጣቶች ወደ ክፋር ባትያ ተላኩ። አገር ቤት ይህን ሥራ ይዘውት ከነበሩት አንዱ መምህር ዮና ቦጋለ ናቸው። ዓላማው ልጆቹን እዚያ ማስቀረት አልነበረም፤ ዕብራይስጥና ሃይማኖት ተምረው በየመንደራቸው እንዲያስተምሩ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ወጣቶች የሄዱት የእስራኤሉ ዋና ራቢ ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 የቤተ እስራኤልን አይሁድነት ከማወጃቸው 18 ዓመት ቀደም ብሎ መሆኑን ልብ በሉ። የሃይማኖት አባቶች ገና ሲከራከሩ የሴቶቹ መንደር ልጆቹን አስገብቶ ያስተምር ነበር። ለእኔ ከማኅበሩ ታሪክ ትልቁ ይሄ ነው።

ከተመለሱት መካከል አምቦበር ላይ ያስተማሩ አሉ። የውጭው ድጋፍ ሲሳሳ ሌሎቹ የመንደር ትምህርት ቤቶች አንድ በአንድ ሲዘጉ የአምቦበሩ ቆየ። በ1984 መጨረሻ «የሙሴ ዘመቻ» በሱዳን በኩል ሺዎችን ወደ እስራኤል ሲያወጣ ቀድሞ ዕብራይስጥ የተማሩት ሰዎች ለአዲሶቹ ድልድይ ሆኑ። የአምቦበር ተወላጅ የሆነችው በላይነሽ ዘቫድያም በወጣትነቷ እስራኤል ገባች፤ በ2012 የእስራኤል አምባሳደር ሆና አዲስ አበባ ተመለሰች። ከቤተ እስራኤል ወገን በአምባሳደርነት የመጀመሪያዋ ናት።

በዚያው በሙሴ ዘመቻ በ3 ዓመቷ የገባችው ፕኒና ታማኖ ሻታ ሕግ ተምራ፣ በቴሌቪዥን ጋዜጠኝነት ሠርታ በ2013 የእስራኤል ፓርላማ ገባች። በዚያው ዓመት መጨረሻ እዚያው ፓርላማ ግቢ ውስጥ ደም ልትለግስ ቀረበች፤ ኢትዮጵያ የተወለደች ስለሆነች ደሟ አይወሰድም ተባለች። የምክር ቤት አባልነቷ አላስጣላትም። ነገሩን ግን አደባባይ አወጣችውና አገር ተነጋገረበት። በ2020 ስደተኞችን የሚቀበለው ሚኒስቴር ሚኒስትር ሆነች፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም ጎንደርና አዲስ አበባ ሆነው ለዓመታት ሲጠባበቁ ከነበሩት ከ300 በላይ ሰዎችን ይዞ ወደ እስራኤል በተነሣው አውሮፕላን አብራቸው ተሳፈረች።