ያውቁ ኖሯል? ድፍድፍ የጠጣው የደማምና የአልኮባር ምድር

የሳዑዲ ዐረቢያ ነዳጅ ለገበያ በሚበቃ መጠን መጀመሪያ የተገኘው በደማምና በአልኮባር አጠገብ፣ ዳህራን ላይ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? «ደማም ቁጥር 7» የተባለችው ጉድጓድ እ.ኤ.አ. በማርች 1938 ጉድ አፈላች! ነዳጁ የተገኘው ከ1,400 ሜትር በላይ ከተቆፈረ በኋላ ነው!

ይህችው አንዲት ጉድጓድ እስከ 1982 ድረስ ከ32 ሚሊዮን በርሜል በላይ ሰጥታለች! አንዱ በርሜል 159 ሊትር ይይዛል፤ እስቲ ያባዙት!

ከደማም በስተሰሜን ያለውን የታሩት ባሕረ ሰላጤ ያውቁታል? በ1970 ቧንቧ ፈንድቶ 100 ሺህ በርሜል ገደማ ድፍድፍ ነዳጅ ፈሰሰበት! ማንግሮቭ የተባለው የባሕር ዳር ዛፍ የበቀለበት ጭቃ ጥቁር ለበሰ!

በ1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ግን የባሰ መጣ! ሚሊዮን በርሜሎች ወደ ባሕር ተለቀቁ፤ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ የሳዑዲ የባሕር ዳርቻ በድፍድፍ ተለወሰ!

ደማምንና አልኮባርን ማን እንዳዳናቸው ቢሰሙ ይገረማሉ። ደሴት ናት! በጁበይል ከተማ አቅራቢያ የምትገኘው አቡ አሊ ወደ ደቡብ የሚጓዘውን ድፍድፍ ደረቷን ሰጥታ አገደችው!

የሸርጣን ጉድጓድ አፈር ይበክላል ቢባሉ ያምናሉ? ሸርጣኖች ጭቃውን እየቆፈሩ አየር ያስገቡለታል። በ1991 ግን ድፍድፉ በነዚያው ጉድጓዶች እየተንቆረቆረ ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ ጠለቀ!

ከአሥር ዓመት በኋላ ባለሙያዎች ዳርቻውን ሲቆፍሩ ምን ቢያገኙ ጥሩ ነው? ድፍድፉ አሁንም እዚያው ነበር! የተበከለው አሸዋና ጭቃ በሚሊዮን ሜትር ኩብ ይቆጠር ነበር!

ጎረቤት ኩዌት ደግሞ በዚያው ጦርነት ከ600 በላይ የነዳጅ ጉድጓዶች ነደዱባት! በረሃው ላይ ከ300 በላይ የድፍድፍ ሐይቆች ተኙ! ጥላሸቱና ድፍድፉ ከአሸዋው ጋር ተጣብቆ እንደ አስፋልት ጠጠረ!

ኢራቅ ለዚያ ጦርነት ጉዳት የከፈለችው ካሳ 52.4 ቢሊዮን ዶላር መድረሱን ያውቁ ኖሯል? ከፍላ የጨረሰችው በ2022 ነው! ከፊሉ የተመደበው የተበከለ መሬት ለማጽዳት ነበር!

ነዳጅ ሲወጣ ራዲየም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገርም አብሮ ሊወጣ ይችላል! በቧንቧ ውስጥ ከሚጋገረው ቆሻሻ ጋር ይደድራል፤ ያ ቆሻሻ ሜዳ ላይ ከተጣለ ለአፈሩ ሌላ መዘዝ ነው!

ድፍድፍ የሚበሉ ፍጥረታትስ እንዳሉ ያውቃሉ? በዐይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው! የተበከለው አፈር ይታረስላቸዋል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ማዳበሪያም ይጨመርበታል! እነሱም ድፍድፉን መብላት ይጀምራሉ!

ከነዳጅ ጋር ከከርሰ ምድር ውሃ እንደሚወጣስ ሰምተዋል? በዓለም ዙሪያ ለአንድ በርሜል ነዳጅ በአማካይ ሦስት በርሜል ያህል ውሃ ይወጣል! አንዳንዱ ከባሕር ውሃ እጅግ የበለጠ ጨዋማ ነው! አፈር ላይ ከፈሰሰ ሥር ያደርቃል!

ድፍድፉን ባክቴሪያ ይበላዋል፤ ጨውን ግን እንዲህ በልቶ የሚያጠፋ ባክቴሪያ የለም! ከአፈር አጥቦ የሚያወርደው ብዙ ውሃ ብቻ ነው። በአዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ በደማም ግን 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ! እዚያ አፈርን ሳይበከል መጠበቅ ከማጽዳት ስንት እጥፍ እንደሚቀል እርስዎው ይፍረዱ!