ዝግባውን የት እንትከለው?

ከደጋ ወርዶ ግራና የደረሰ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ጋቢውን ማውለቅ ነው። ዛፍስ? ዛፍ የሚያወልቀው ጋቢ የለውም፤ ያልለመደው ሙቀት ውስጥ ከተተከለ ቆሞ ይደርቃል። ውድ አንባቢያን፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ለቤተ ክርስቲያን ግቢ ወይም ለልጆቻችን ትምህርት ቤት ችግኝ ስንመርጥ ይህን የምንረሳው ለምን ይሆን?

ኮኒፈር ከሚባሉት ዛፎች የአገራችን ተወላጆች ሁለቱ ጥድና ዝግባ ናቸው። በደጋና በወይና ደጋ ደኖች አብረው ቢገኙም ጠባያቸው ለየቅል ነው። ጥድ ዝናብ ያነሰበትን፣ ድንጋያማውን ቁልቁለት ይችላል። ዝግባ እርጥበት ይወዳል፤ ችግኙም በሌሎች ዛፎች ጥላ ሥር ያድጋል። በየአጥሩ የምናየው የፈረንጅ ጥድ ደግሞ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ ተራሮች የመጣ እንግዳ ነው። በደጋ ፈጥኖ ማደጉ አታልሎን ቆላ ድረስ ይዘነው እንወርዳለን።

ዛፍ የኖረበትን አየር በግንዱ ውስጥ ይጽፋል። የጥድ ግንድ ሲቆረጥ የሚታዩት ቀለበቶች ዝናብ በጠገበ ዓመት ሰፊ፣ በድርቅ ዓመት ጠባብ ይሆናሉ። ኢትዮጵያዊቷን ዶ/ር አስቴር ገብረኪርስቶስን የመሰሉ ተመራማሪዎች የዛፍ ቀለበቶችን ያነባሉ። እንደ ወሎ በልግም ክረምትም በሚዘንብበት አገር ግን ንባቡ ቀላል አይደለም። ዛፉ በአንድ ዓመት ሁለት ቀለበት ሊሠራ፣ በክፉ ዓመት ደግሞ ጨርሶ ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ አንድ ግንድ ቆጥሮ የዛፉን ዕድሜ የሚናገር ሰው ሊሳሳት ይችላል፤ የብዙ ዛፎች ቀለበት መነጻጸር አለበት።

ከእኛ በስተ ሰሜን፣ በትግራይና በአፋር መገናኛ በሚገኘው የደስአ ደን፣ ቆመው የደረቁ ጥዶች ብዙ ናቸው። የደረቁት በይበልጥ በታችኛው፣ ሞቃትና ደረቅ በሆነው ወገን ሲሆን፣ ወደ ላይ ሲወጣ ቁጥራቸው ይቀንሳል። ጥድ ሁሉን ይችላል ለምንል ሰዎች ይህ ትልቅ ዜና ነው።

በነገራችን ላይ፣ በመጽሐፍ ቅዱሳችን የምናነበው የሊባኖስ ዝግባ የእኛ ዝግባ አይደለም። ተርጓሚዎቹ አንባቢው የሚያውቀውን የረጅም ዛፍ ስም የሰጡት ይመስለኛል፤ መልካም አድርገዋል። ያኛው ክረምቱን በረዶ ለብሶ የሚያሳልፍ፣ ዘሩም ከቅዝቃዜ በኋላ ይበልጥ የሚበቅል የተራራ ዛፍ ነው። መዝሙር 92 ላይ ከዘንባባ ጋር ተጠቅሷል፤ አንዱ የሙቀት፣ ሌላው የብርድ አገር ዛፍ። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በታኑሪን ደን ቅጠሉን የሚበላ ነፍሳት ተነሥቶበት ነበር፤ አጥኚዎች ነገሩን ከበረዶው መቀነስና ከአፈሩ መድረቅ ጋር አያይዘውታል።

እንግዲህ ለግራናው ግቢ ሙቀቱን የለመዱት ግራርና ዋንዛ ይሻላሉ። ጥድ ካልተከልን የሚል ሰው ካለ፣ ከፍ ያለውን ቁልቁለት ይምረጥለት፣ በመጀመሪያዎቹ የበጋ ወራትም ውኃ አይንፈገው። የዝግባውን ችግኝ ግን ደጋ ላሉት ዘመዶቻችን እንላከው።