በአንድ ስልክ የቀረ ሥራ

የመጨረሻው ቃለ መጠይቅ አልቋል። ደመወዙ ተነግሯታል፤ መቼ መጀመር እንደምትችል ተጠይቃም «የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ መስጠት አለብኝ» ብላ መልሳለች። ከዚያ በኋላ ዝምታ ሆነ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት አለፈ። ስትደውል «እናሳውቅሻለን» ይሏታል። ከወራት በኋላ እዚያው ድርጅት የምትሠራ ጓደኛዋ የሆነውን ታጫውታታለች፦ ከሰው ሀብት ክፍሉ አንዱ፣ ከአመልካቿ ጋር አንድ ቢሮ ለሚቀመጥ ለሚያውቀው ሰው ደውሎ «ልጅቷ እንዴት ናት?» ሲል ጠይቋል። መልሱ «በገንዘብ ነገር ባትታመን ይሻላል» የሚል ነበር። ልጅቷ የሒሳብ ሠራተኛ ናት።

ዝርዝሩን ለማስረዳት ያህል እኔ ያቀናበርኩት ነው። አካሄዱን ግን አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ ፈልጎ የሚያውቅ ሰው ሁሉ አይስተውም። ሲቪ ላይ የተጻፉት ሪፈረንሶች እንደ ወግ ይታያሉ፤ እውነተኛው ማጣራት «እዚያ መሥሪያ ቤት የምናውቀው ሰው አለ?» ተብሎ ይጀመራል። የሚደወልለት ሰው አመልካቿ የመረጠችው ምስክር አይደለም። መጠየቁን አታውቅም፤ የተናገረውንም አትሰማም።

ሕጉ ስለ አንድ ሠራተኛ ለሌላ አሠሪ ምን ሊነገር እንደሚገባ ጨርሶ ዝም አላለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 12 አሠሪው የሥራ ውሉ ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። በወረቀቱ ላይ እንዲሰፍሩ የተባሉት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የሥራው ዓይነት፣ የአገልግሎቱ ዘመንና ሲከፈል የነበረው ደመወዝ። ጠባይ አልተጠቀሰም፤ «ታማኝ ነው» ወይም «ነገረኛ ነው» የሚል አስተያየትም እንዲሁ። ብዙዎች ይህን ወረቀት ደረቅ ነው ይሉታል፤ እኔ ግን ጥንካሬው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሦስቱም በመዝገብ የሚረጋገጡ ነገሮች ስለሆኑ የማንም ቂም አይገባባቸውም። ስልኩ ግን ይህን አጥር ዘሎ ያልፋል።

ያን ጊዜ የሚያገለግለው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 2044 ስም ማጥፋትን ሲተረጉም በቃል፣ በጽሑፍ ወይም በሌላ መንገድ አንድን ሰው እንዲጠላ፣ እንዲናቅ ወይም መሳቂያ እንዲሆን በማድረግ አመኔታውን፣ ዝናውን ወይም የወደፊት ሕይወቱን አደጋ ላይ መጣል ይለዋል። «የወደፊት» የሚለው ቃል እዚህ መግባቱ ትልቅ ነገር ነው። ሥራ የሚፈልግ ሰው እጁ ላይ ያለው ሀብት ይኸው ነው፤ ገና ያልያዘው ግን በር ላይ የደረሰው ኑሮ። አንድ ሰው በስልክ የተናገረው ዓረፍተ ነገር ጋዜጣ ላይ ባይወጣም፣ የሰማው አንድ ጆሮ ብቻ ቢሆንም፣ ያ ጆሮ ወሳኙ ከሆነ ጉዳቱ ሙሉ ነው።

ተከታዩ አንቀጽ 2045 ደግሞ ብዙ ሰው የማይጠረጥረውን ይጨምራል፦ ለተጠያቂነት የመጉዳት ሐሳብ መኖር አያስፈልግም። ይህ እኔን ራሴን ይነካኛል። ከዓመታት በፊት አብሮኝ ስለሚሠራ ልጅ ተደውሎልኝ፣ ስብሰባ ልገባ እየተጣደፍኩ «ጎበዝ ነው፤ ብቻ ሰዓት አያከብርም» ብዬ ዘጋሁ። ልጁ ሥራውን አላገኘም። በእኔ ቃል ይሁን በሌላ ምክንያት እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ነገር ግን በዚያ ወር የሚያረፍደው እናቱን ሆስፒታል ስለሚያመላልስ መሆኑን አውቅ ነበር፤ ያን አልተናገርኩም። ምቀኝነት አልነበረብኝም። ችኮላ ብቻ በቂ ሆነ።

የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች ይህንኑ ጥያቄ በጥልቀት መርምረውታል። እ.ኤ.አ. በ1994 የጌቶች ምክር ቤት ስፕሪንግ እና ጋርዲያን አሹራንስ በተባለው መዝገብ፣ ኢንሹራንስ ይሸጥ የነበረና ከሥራ የተሰናበተ ሰው አዲስ ሥራ ሲፈልግ ሐቀኛ እንዳልሆነ የሚገልጽ ሪፈረንስ ተጽፎበት ያቀረበውን ክስ ተመለከተ። ጽሑፉን ያዘጋጁት በክፋት እንዳልሠሩ ስለታመነ የስም ማጥፋት መንገድ ለከሳሹ ዝግ ነበር። ያም ሆኖ አብዛኞቹ ዳኞች ሪፈረንስ የሚሰጥ አሠሪ የሰውየውን እንጀራ እንደያዘ አውቆ መጠንቀቅ ግዴታው ነው፤ ሳያጣራ ከጻፈ በቸልተኝነት ይጠየቃል አሉ። የእኛ ሕግ ከዚያ ፍርድ ሠላሳ አራት ዓመት ቀድሞ ሐሳብ አያስፈልግም ማለቱን አስተውሉ። የጎደለን ሕጉን ይዞ ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው ነው።

አስቸጋሪው የተነገረው እውነት ሲሆን ነው። አንቀጽ 2047 እውነት የተናገረ ሰው በስም ማጥፋት እንደማይጠየቅ ይደነግጋል፤ ነገር ግን የተናገረው ለመጉዳት ብቻ አስቦ ከሆነ እውነቱ አያድነውም። ይህ ሚዛን ትክክል ይመስለኛል። ባልደረባው ካዝና ሲያጎድል በዓይኑ ያየ ሰው፣ ሴቶች ሠራተኞችን ሲያስቸግር የነበረ አለቃ ወደ ሌላ ቢሮ ሊሄድ መሆኑን የሚያውቅ ሰው፣ ሲጠየቅ ዝም ቢል ቀጥሎ የሚጎዱት ሰዎች ዕዳ አለበት። መናገሩ ጠቃሚ የሚሆንለት ሦስተኛ ወገን አለ። ከአምስት ዓመት በፊት በግምገማ ተነሥቶ የታረመ ጥፋትን፣ ከሥራው ጋር የማይገናኝ የትዳር ጠብን ወይም የጤና ችግርን ፈልጎ የሚያወጣ ሰው ግን ማንን እየጠበቀ ነው?

እኔ ይህን ለመለየት የምጠቀምበት መንገድ ከአገሩ የቆየ የሙግት ሥርዓት የመጣ ነው። በላ ልበልሃ በሚባለው ክርክር ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ቆመው ይሟገቱ ነበር፤ የተከሰሰ ሰው ቃሉን ሰምቶ በቦታው ይመልሳል። ምስክርነትን ከሐሜት የሚለየው ይህ ነው። ስለዚህ ስልኩን ያነሳ ሰው «ይህንን እሷ ባለችበት እደግመዋለሁ?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። የሚደግመው ከሆነ ይናገር፤ ያየውን «አየሁት»፣ የሰማውን «ሰማሁት» ብሎ ለይቶ።

ወደ ተጎጂዋ እንመለስ። መብቱ አለ፤ ማስረጃው ግን የለም። የነገረቻት ጓደኛዋ ቀርባ ብትመሰክር የራሷን ሥራ ታጣለች። የስልክ ጥሪው መዝገብ መደወሉን እንጂ የተባለውን አያሳይም። ከዚህ በላይ ደግሞ ሥራውን ታገኝ እንደነበር ማሳየት ይጠበቅባታል፤ ሕጉ ገና ላልደረሰ ጉዳት ካሣ የሚፈቅደው መድረሱ እርግጠኛ ሲሆን ነውና። ስለዚህ ደመወዙ የተጠቀሰበት ኢሜይል ወይም የቅጥር ደብዳቤ ረቂቅ ካላት እንደ ወርቅ ትያዘው። ከቀጣሪው የመቅረቱን ምክንያት በጽሑፍ ብትጠይቅም ጥሩ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለ ራስ የተያዘ መረጃን የማየትና ስሕተቱን የማሳረም መብት ይሰጣል፤ ቀጣሪው ከስልኩ በኋላ በፋይሏ ላይ ማስታወሻ ጽፎ ከሆነ ይህ በር ሊከፍትላት ይችላል።

የሞራል ካሣውን ነገር መናገር ያሳፍረኛል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2116 የሞራል ጉዳት ካሣ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ገድቧል። በ1952 ዓ.ም. ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ለጠበቃ መመላለሻ ታክሲም አይበቃም። የቀረባት ደመወዝ ዓይነት ቁሳዊ ኪሣራ ግን በዚህ ጣሪያ አይታሰርም። ክሱም ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ነገሩን ከወራት በኋላ ለሰማች ሰው ይህ ረጅም ጊዜ አይደለም።

የባልደረባን ሥራ ፍለጋ የማሰናከያ ሌሎች መንገዶች ይበልጥ ግልጽ ናቸው። የባልደረባን ኢሜይል ከፍቶ የቃለ መጠይቅ ጥሪ ማጥፋት ምግባረ ብልሹነት ብቻ አይደለም፤ የደብዳቤ ምስጢር መድፈርና ያለ ፈቃድ ኮምፒውተር ውስጥ መግባት በወንጀል ያስጠይቃሉ። «ሥራ እየፈለገች ነው» ብሎ ለአለቃ ማቀበል ግን አብዛኛውን ጊዜ በሕግ አያስጠይቅም። ለአለቃውም ቢሆን የሚያተርፈው ነገር የለም፤ ሌላ ሥራ መፈለግ በአዋጁ ከተዘረዘሩት የማሰናበቻ ምክንያቶች ውስጥ አልገባም። ሆኖም ሠራተኛዋ ከዚያ ቀን በኋላ ከሥልጠናና ከዕድገት ስትዘለል ምክንያቱን ማንም አይጽፈውም።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ መላሹ ነው። ከሁሉ ቀላሉ እርምት ያለው ግን በደዋዩ እጅ ይመስለኛል። የሰው ሀብት ክፍል ኃላፊ በትውውቅ ያገኘውን ወሬ ለብቻው ይዞ ሲወስን፣ የመሥሪያ ቤቱን ውሳኔ ለማያውቀው ሰው ቂም አሳልፎ ይሰጣል። ሊያደርገው የሚችለው ነገር አስቸጋሪ አይደለም፤ ማንን እንደሚጠይቅ ለአመልካቿ አስቀድሞ መንገር፣ የሰማውን በቀንና በስም መመዝገብ፣ ከዚያም ውሳኔው ከመጻፉ በፊት ጠርቶ «ስለ ገንዘብ አያያዝሽ እንዲህ ተብሏል፤ ምን ትያለሽ?» ማለት። ያቺ የሒሳብ ሠራተኛ ለአሥር ደቂቃ ተቀምጣ እንድትመልስ ቢፈቀድላት ኖሮ፣ በየዓመቱ የተመረመረላትን ሒሳብ የኦዲት ሪፖርት ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠው ነበር።