የአጥንት መሳሳትና የከፋ ዕፅዋት

የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ስለ አጥንት ምን አገባቸው እንዳትሉን። አንዲት አሮጊት ከደጃፏ አዳልጧት ዳሌዋ ሲሰበር ጎረቤት ሁሉ አወዳደቋን ይወቅሳል። ብዙ ጊዜ ግን አጥንቱ አስቀድሞ ውስጥ ውስጡን ሳስቶ የቆየ ነው።

አጥንት እንደ ድንጋይ የሞተ ነገር አይደለም። አሮጌውን የሚያፈርሱና አዲሱን የሚገነቡ ሕዋሶች ዕድሜ ልክ ይሠሩበታል። ዕድሜ ሲገፋ አፍራሾቹ ይበረታሉ፤ ይልቁንም በሴቶች የወር አበባ ሲቋረጥ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ስለሚያንስ የአፍራሾቹ ልጓም ይላላል። ወጌሻ የተሰበረውን ያቃናል፣ ያስራል፤ የሳሳውን ማጠንከር ግን ሌላ ሙያ ነው።

ስለዚህም ሊቃውንት ዕፅዋትን መመርመር ይዘዋል። ሕንዶች «ሃድጆድ»፣ ማለት አጥንት ገጣሚ፣ የሚሉትን ሐረግ በአይጦች ላይ ፈትነውታል። ከእርድ የሚወጣው ኩርኩሚንም በብልቃጥ ውስጥ አፍራሾቹን ሕዋሶች ሲገታ ታይቷል።

እርድ የዝንጅብል ወገን ነው፤ ኮረሪማም እንዲሁ። ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. በባዮስፌርነት የመዘገበው የከፋ ደን ደግሞ የኮረሪማ አገር ነው፤ የሳይንስ ስሙ ሳይቀር አፍራሞሙም ኮሮሪማ ይባላል። እንግዲህ በቦንጋ ገበያ በክር ተሰክቶ የሚሸጠው ኮረሪማ ለአጥንት ይበጅ ይሆን ብሎ መጠየቅ የሚገባ ነው። ዳሩ ግን ዝምድና መድኃኒት አያደርግም። ብልቃጥም ሆድ አይደለም፤ ኩርኩሚን ራሱ ሲዋጥ ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂቱ ብቻ ነው። መጠኑስ? ኮሶ ትሉን እንደሚያስወጣ ሁሉ፣ ሲበዛ ዓይን እንደሚጎዳ እናውቃለን። እንግዲህ አንድ ነጋዴ «የአጥንት መድኃኒት» ብሎ ጠርሙስ ቢያቀርብልን፣ በሰው ላይ ተፈትኗል ወይ፣ በምን ያህል መጠን፣ ስብራትስ ቀንሷል ወይ ብለን እንጠይቀው።

በዚህ ጥያቄ በኩል በሰው ላይ በሰፊው የተመረመረ አንድ የከፋ ተክል አለ፤ እርሱም ቡና ነው! ካፌይን ካልሲየምን በሽንት በኩል በጥቂቱ ያስወጣል። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ የስዊድን ጥናት ከ60 ሺህ በላይ ሴቶችን ተከታትሎ፣ በቀን 4 ስኒና ከዚያ በላይ የሚጠጡት የአጥንታቸው ጥግግት ከ2 እስከ 4 በመቶ ዝቅ ቢልም ስብራታቸው እንዳልበዛ አረጋግጧል። የጎደለውን ካልሲየም በስኒው ላይ የሚጨመር አንድ ሁለት ማንኪያ ወተት ይተካዋል። ለእረፍት ወደየቤታችን ስንገባ ለእናቶቻችን የምንነግረው፣ ለጊዜው፣ ይህንኑ ነው።